ወንበር የሌለበት መንገድ

እናቴ በምትኖርበት መንገድ ወንበር ደጅ የሚወጣው ለመቀመጥ ብቻ አይደለም። ጠዋት የነቃ ሰው በሩን ከፍቶ መጀመሪያ ወንበሩን ያወጣል፤ ከዚያ ነው ፊቱን የሚታጠበው። ቢቀመጥበትም ባይቀመጥበትም ወንበሩ እዚያው ይውላል። ወንበር ካለ ባለቤቱ አለ፣ በሰላም አድሯል ማለት ነው። አራት ሰዓት ሞልቶ ወንበር ያልወጣበት በር ከተገኘ ጎረቤት ሄዶ ያንኳኳል። ልጆቻቸው ርቀው የቀሩባቸው ሽማግሌዎችና ባልቴቶች የበዙበት መንገድ ነው። ድሮ አንዲት ሴትዮ ሞታ ሦስት ቀን ሳይታወቅ ቀረ፤ ወንበሩ የተጀመረው ከዚያ ወዲህ ነው ይላሉ። እኔ ስወለድ ልማዱ ነበረ። ወንበር የሌለበት በር ሳላንኳኳ ማለፍ እስከዛሬ ይከብደኛል።

ይህን መጀመሪያ የምናገረው ያለምክንያት አይደለም። ሥራዬን ያለዚህ ማንም አይረዳውም፤ ጥፋቴንም እንዲሁ።

ሥራዬ መንገድ ከመንገድ ማበላለጥ ነው። ጣሪያዋ ላይ ምሰሶ፣ ምሰሶው ጫፍ ላይ በአራቱም አቅጣጫ የሚያይ ካሜራ የተተከለባት ነጭ መኪና አለች። ወገቧ ላይ ቢጫ መስመር ዞሮባታል። ከተማውን ጎዳና ለጎዳና እያዘገመች በየጥቂት እርምጃው ፎቶ ታነሳለች። ፎቶዎቹ ስክሪናችን ላይ ጥንድ ጥንድ ሆነው ይመጣሉ፤ አንዱ በግራ፣ አንዱ በቀኝ። ከላይ ጥያቄ ይጻፋል፦ የትኛው ደህና ይመስላል? የትኛው ያምራል? የትኛው ውስጥ ሰው የሚኖር ይመስላል? ግራ ወይም ቀኝ መጫን ነው፤ ሌላ ነገር የለውም። ጎበዝ የሁለተኛ ክፍል ተማሪ ይሠራዋል ብትሉ አልቀየምም።

ቢሯችን ድሮ የልብስ ፋብሪካ መቁረጫ ክፍል ነበር። ጠረጴዛዎቹ ተቸንክረውባቸው የነበሩት ቀዳዳዎች ወለሉ ላይ አሁንም አሉ፤ ባለ ተረከዝ ጫማ ያደረገች ወዮላት። ፀሐይ ስክሪን ላይ እንዳታንጸባርቅ መጋረጃው ቀኑን ሙሉ አይገለጥም። ሠላሳ ሰው ተደርድሮ ሲጫን ቆርቆሮ ላይ ካፊያ የጀመረ ይመስላል። ሌላውን መንገድ ሁሉ ስናይ እየዋልን ከመስኮታችን በታች ያለውን መንገድ አናውቀውም።

ለአንድ ጥንድ የሚሰጠን አራት ሴኮንድ ነው። ዓይን ያያል፣ ልብ ይፈርዳል ይባላል። በአራት ሴኮንድ ግን ልብ የትም አይደርስም፤ የሚፈርደው ጣት ነው። እኔ ደግሞ ከሠላሳው ሁሉ ፈጣን ነበርኩ። ምስጢሬ ቀላል ነው፤ "የትኛው ውስጥ ሰው ይኖራል?" ሲባል በር በሩን ብቻ አያለሁ። ደጁ ላይ ወንበር፣ የተሰጣ ልብስ፣ ባልዲ፣ ወይም የቆመ ሰው ካለ አለቀ። በሩ ዝግ፣ ደጁ ባዶ ከሆነ ሌላኛውን እጫናለሁ። ግድግዳው በወርቅ ቢለበጥ ግድ የለኝም፤ ወንበር የሌለበት በር ለኔ ወይ ሞት ነው ወይ ስደት።

እኛ ስንጫን ማሽኑ ያያል፤ እያየም ይማራል። ሁለት ዓመት ከተማረ በኋላ ያልታየውን መንገድ ሁሉ ራሱ ነጥብ መስጠት ጀመረ። ለኛ የሚተርፈን የተጠራጠረው ብቻ ነው። አለቃችን አንድ ቀን መጥቶ ከኋላዬ ቆመ። ዞር ሲል "ሜትር" እንለዋለን፤ ሰላምታ እንኳ ሳይለካ አይሰጥም።

"አንቺ፣ ማሽኑ እኮ ያንቺ ልጅ ሆነ" አለኝ።

"እንዴት አለቃ?"

"ከሁላችሁም ጣት ጋር አስተያየነው። አብዝቶ የሚስማማው ካንቺ ጋር ነው። ዓይኑን ካንቺ ወርሷል።"

ኮራሁ። ለምን እዋሻለሁ፣ ክንፍ አውጥቼ ነው ቤቴ የገባሁት። በሳምንቱ ለእናቴ ስነግራት ወንበሯ ላይ ተቀምጣ ከት ብላ ሳቀች። "እሰይ! የልጅ ልጅ ሳላይ ልሞት ነው ስል! አባቱ ማነው ታዲያ?" አለችና ለጎረቤቱ ሁሉ አወጀችው። ከዚያ ቀን ጀምሮ መንገዱ ሁሉ "ልጅሽ እንዴት ነው? ጥርስ አወጣ?" እያለ ይጠይቀኝ ነበር። ጥርሱ መኖሩን ያኔ አላወቅንም።

የከተማው ካርታ ሲወጣ ማሽኑ በሰጠው ነጥብ ቀለም ተቀብቶ ነው። አረንጓዴ ደህና ነው። ብርቱካናማ ያጠራጥራል። ቀይ ይፈርሳል። "መልሶ ይለማል" ነው የሚሉት፤ እኔ ግን አፌ የለመደው ይፈርሳል ነው፤ ያው መጀመሪያ መፍረሱ አይቀርምና። የእናቴ መንገድ ብርቱካናማ ወጣ። በዚያው ሰሞን ግድግዳው ላይ አዲስ ወረቀት ተለጠፈ። ከእንግዲህ "የትኛው የተዝረከረከ ነው?" የሚል ጥያቄ ይጨመራል፤ ስትመልሱም ሦስት ነገር ተመልከቱ ይላል። ከበር የወጣ ዕቃ። ደጅ የተቀመጠ ሰው። ደጅ የሚሠራ ሥራ። ሦስቱንም አነበብኩና የእናቴን ቤት አንድ በአንድ የነገሩኝ መሰለኝ።

በማግስቱ መንገዱ ራሱ ስክሪኔ ላይ መጣ።

ወዲያው አወቅኩት። ጋሼ ልብስ ሰፊው የስፌት መኪናቸውን እንደ ልማዳቸው ከበራቸው ውጭ ዘርግተዋል። ከእሳቸው ትይዩ እናቴ አለች። ማሽኑ የሰው ፊት ስለሚያደበዝዝ ፊቷ የለም፤ አንገቷ ላይ የታጠበ ቀለም የመሰለ ነገር ተቀምጧል። ግን ቀኝ እግሯን በግራዋ ላይ አድርጋ ነጠላ ጫማዋን በአውራ ጣቷ አንጠልጥላለች፤ እናቴን ለማወቅ ፊት አያስፈልገኝም። ወንበሮቹ በመንገዱ ግራና ቀኝ እስከ ዳር ተደርድረዋል። ስክሪኑ ግርጌ አንዲት ትንሽ ምልክት አለች፦ "የማውቀው ሰፈር ነው።" የሚያውቀውን ሰፈር መዳኘት ክልክል ነው፤ ያደላል ተብሎ። ሕግ አክባሪ ነኝና ተጫንኳት። ፎቶው ተነስቶ አጠገቤ ወዳለው ልጅ ሄደ። ወሬ ስለማያባራ "ዝምተኛው" ብለን ያወጣንለት ነው።

"ኧረ ይሄን ሰፈር ተመልከቱልኝ!" አለ ጮክ ብሎ። "ቤቱ ጠቧቸው ነው ወይስ ዕቃውን ፀሐይ እያሞቁት ነው?"

ክፍሉ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። እሱም የተዝረከረከው ይሄ ነው ብሎ ተጫነው። ያን ሳቄን አሁንም ጆሮዬ ውስጥ እሰማዋለሁ፤ ይቅር የምለው አይመስለኝም። ማታ አልጋዬ ላይ ሆኜ አሰብኩት። ሰፈሩን የሚያውቅ ሁሉ እንዲያልፈው ታዝዟል። ስለዚህ የሚፈርድበት የማያውቀው ብቻ ነው። ሁለት ዓመት ሠርቼ ይህ የታየኝ የራሴ ሲነካ ነው። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች የሚሏት እኔን ነው።

ብርቱካናማዎቹን መንገዶች መኪናዋ እንደገና ልታነሳቸው ነበር። የሹፌሮቹ የጉዞ ሠሌዳ በመግቢያው ግድግዳ ላይ ይለጠፋል። የእናቴን መንገድ ፈልጌ አገኘሁት፤ ማክሰኞ፣ ከአራት እስከ አምስት ሰዓት። ለነዋሪ መንገር ከሥራ ያስባርራል። እሑድ ዕለት ሄጄ ነገርኳቸው።

ጋሼ ልብስ ሰፊው ቤት ተሰበሰብን፤ አሥራ ሁለት ሰው ይሆናል፣ ግማሹ ቆሞ። ወረቀቱ የሚለውን ደገምኩላቸው።

"ማክሰኞ ወንበር እንዳታወጡ። ልብስ አይሰጣ። ባልዲ፣ የአበባ ቆርቆሮ፣ ምንጣፍ፣ ሁሉም ወደ ውስጥ። ጋሼ፣ የስፌት መኪናዎትም።"

"አንቺ ልጅ፣ ቤቴ እኮ ጨለማ ነው። መርፌ ቀዳዳ ውስጥ ክር ልከት ወይስ ጣቴን ልስፋ?" አሉ።

"አንድ ቀን ነው ጋሼ። ሰውም ደጅ አይቁም። በርና መስኮት ይዘጋ።"

"ሰው ምን አደረጋቸው?" አለች እናቴ።

"ደጅ የተቀመጠ ሰው ሥራ ፈት ያስመስላል፤ ነጥብ ይቀንሳል።"

"እኔ ሥራ ፈት? አርባ ዓመት የሆስፒታል አንሶላ ያጠብኩ!"

"እኔ አላልኩም እማዬ፣ ወረቀቱ ነው ያለው።"

"ወረቀቱ ልብስ አጥቦ ያውቃል?"

ሁሉም ሳቁ፤ እኔ ግን ቸኩዬ ነበር። ፎቶው ከደበዘዘ ሹፌሮቹ ሳይናገሩ ተመልሰው እንደሚያነሱ አውቃለሁ፤ ስለዚህ ካርታው እስኪወጣ እንዲታገሱ ለመንኳቸው። እኔ "አውጡ" እስክላቸው ድረስ አንድም ወንበር እንዳይወጣ። ሹፌሮቹ አንዳንዴ ወርደው በር እንደሚያንኳኩ፣ ውሃ እንደሚጠይቁም አስታወስኩ፤ የከፈተ ሰው ፎቶው ውስጥ ይገባል። "ቢጫ ነገር ካያችሁ፣ መኪናም ይሁን ሰው፣ ግቡና ዝጉ። ቢያንኳኩም ዝም በሉ" አልኳቸው።

"ውሃ የጠማው ሰው እየጠራኝ ዝም ልበል?" አለች እናቴ።

"እማዬ፣ ቤትሽ እኮ ነው!"

ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ አስተካከለች። ከዚህ ቤት ሌላ ምንም የላትም። አባቴ የሞተበት፣ እኔን የወለደችበት፣ የግድግዳውን ስንጥቅ በስም የምታውቅበት ቤት ነው። ሌላ ቦታ ወስደው ቢያስቀምጧት ስድስት ወር እንደማትቆይ እሷም ታውቃለች፣ እኔም። "እሺ" አለች በመጨረሻ። "የማያውቅ የሚያውቀውን ይሰማል። አንቺ ካልሽ ዝም እንላለን።" ከዚያ ለሌሎቹ ዞራ፦ "ልጄ ውስጡን ታውቀዋለች። ያለችውን እናድርግ።" ሁሉም በእሺታ ራሳቸውን ነቀነቁ። እኔን እንደዚያ ያመነ ሰው ከዚያ በፊት አልነበረም።

ማክሰኞ አሞኛል ብዬ ከሥራ ቀረሁና ከመንገዱ አፍ ላይ ቆምኩ። አራት ሰዓት አለፍ ሲል መኪናዋ መጣች። ድምፅ የላትም፤ ጎማዋ ጠጠር ሲረግጥ ብቻ ይሰማል። ምሰሶዋ የኤሌክትሪክ ሽቦዎቹን ሊነካ ምንም አልቀረውም። መንገዱ ከዳር እስከ ዳር ተጠርጓል። ወንበር የለም። ልብስ የለም። ጋሼ ልብስ ሰፊው የበራቸውን እንጨት እንኳ ወልውለውታል። አሥራ አራት በር ሁሉም ዝግ፣ መስኮቱ ሁሉ ዝግ። አንድ ውሻ መሐል መንገድ ላይ ቆሞ የቱ ቤት መሄድ እንዳለበት የጠፋው ይመስል ወዲያ ወዲህ ያያል።

ከተወለድኩ ጀምሮ ያን መንገድ ወንበር አልባ አይቼው አላውቅም። ደስ ሊለኝ ሲገባ ፍርሃት ያዘኝ። ሁሉም ሞተው እኔ ብቻ የቀረሁ መሰለኝ። ቀኝ እጄን ኪሴ ውስጥ ከትቼ ነበር። ጣቴ ሳላዘው ጭኔን አንዴ ነካ አደረገ። ቢሮ ሆኜ ባዶ በር ሳይ የማደርገውን ነው ያደረገው፤ ሌላኛውን ጫነ። አይቼዋለሁ፣ ገብቶኛል፣ ግን ወረቀቱን አመንኩ። የገዛ ጣቴን ማመን ነበረብኝ። መኪናዋ በዝግታ አለፈች፣ ታጠፈች፣ ሄደች።

ከዚያ ሦስት ሳምንት ተጠበቀ። በየቀኑ እደውላለሁ፤ እናቴ በየቀኑ ትጠይቀኛለች።

"ወንበሩን ላውጣው?"

"ገና ነው እማዬ። ትንሽ ታገሺ።"

"ወንበሬን አልጋዬ ላይ ነው የማስቀምጠው። ከሱ ጋር ነው የምተኛው፤ ሁለተኛ ባል አገባሽ በይኛ።" ቀልዷ ግን እየሳሳ ሄደ። "ጡረተኛው ዘበኛ ታሞ ሁለት ቀን ማንም አላወቀለትም" አለችኝ አንድ ቀን። "ወንበር ከሌለ በምን እናውቃለን? ግድግዳ እየደበደብን ነው የምንጠያየቀው፤ እስረኛ ሆንን እኮ።"

"ካርታው ሲወጣ ሁሉም ይስተካከላል" አልኳት።

ካርታው የወጣው ሐሙስ ዕለት፣ አምስት ሰዓት ላይ ነው። ሠላሳችንም ትልቁ ስክሪን ፊት ተሰበሰብን፤ ሁሉም የየራሱን ሰፈር በዓይኑ ይፈልጋል፣ ማንም ግን እንደሚፈልግ አያሳይም። እኔ መጀመሪያ ያየሁት ቀዩን ነው። የእናቴ መንገድ ቀይ አይደለም። ደስ ሊለኝ ጀመረ። ብርቱካናማም አይደለም። አረንጓዴውን ፈለግኩ። እዚያም የለም። ቀርቤ ሳይ መንገዱ ግራጫ ነው። ግራጫ የሚባል ቀለም ከዚያ በፊት አልነበረንም።

"አለቃ፣ ይሄ ግራጫው ምንድነው?"

"አዲስ ነው" አለ ሜትር። ፊቱ ላይ የድግስ ቀን ደስታ ነበረ። "ባዶ ማለት ነው። ሰው የማይኖርበት። እኛ አላዘዝነውም፤ ማሽኑ ራሱ ለየው። በሩ ዝግ፣ ደጁ ላይ አንድ ወንበር እንኳ የለ። እኔ የማልፈውን እሱ ባንቺ ዓይን አየው።"

ዞሬ ግራጫውን እንደገና አየሁት። ወረቀቱ ላይ የተጻፈው አዲሱ ጥያቄ ሁለት ወር አልሞላውም። ወንበር የሌለበት በር ሞቷል ብዬ ያስተማርኩት ግን ሁለት ዓመት ሙሉ ነው። ልጄ የሰማው የእናቱን ነው።

"ግራጫው ከቀዩ ይሻላል?" አልኩት።

"በጣም እንጂ! ቀይ ጣጣ አለው። ነዋሪ አለ፣ ስብሰባ አለ፣ ምትክ ቤት አለ፣ ዓመት ይፈጃል። ባዶ መንገድ ላይ ግን ማንን ታነጋግሪያለሽ? የማፍረሻ መሣሪያው ቀድሞ ይጠጋል፤ እንደተፈረመ መጀመር ነው።"

"ሰው ቢኖርበትስ?"

"እሱማ ይጣራል። በማሽን ብቻ አይፈረድም፣ እኛም ሰዎች ነን። ሠራተኞች በየበሩ እየሄዱ ሦስት ሦስት ጊዜ ያንኳኳሉ። አንድ ሰው ከከፈተ ያ ቤት ከግራጫ ይወጣል። ካልከፈተ ስድስት ሰዓት ላይ ይፈረማል፣ ያልቃል።"

"ይግባኝ የለውም?"

"ለባዶ ቤት ይግባኝ የሚል ማነው?"

ለአንድ አፍታ እፎይ አልኩ። እናቴ ገና የሰው ኮቴ ስትሰማ በር የምትከፍት ሴት ናት። ያን እፎይታ ጨርሼ ሳልተነፍስ ያን እሑድ "ቢያንኳኩም ዝም በሉ" ያልኩት ትዝ አለኝ።

"መቼ ነው የሚያንኳኩት?"

"ጠዋት ወጥተዋል፤ ዝርዝሩ ቀድሞ ነው የደረሳቸው። እስካሁን ሳይጨርሱ አይቀሩም።"

"ምን ለብሰው?"

"ምን ማለትሽ ነው? የኛው ሰዎች ናቸው። ያችው ቢጫ ሰደርያ።"

"አለቃ፣ እናቴ እዚያ ናት" አልኩት። "አሥራ አራት ቤት ሰው አለ። እኔ ነኝ የደበቅኳቸው። አትክፈቱ ብያቸዋለሁ።"

ሜትር ወደኔ ዞረ። ሲናደድ አላየሁትም፤ ዓይኑ ላይ ያየሁት ድንጋጤ ነው። ሰዓቱን አየ። "የሚፈርሙት እነሱ ናቸው፣ እኔ ስልካቸውም የለኝ" አለና ትከሻዬን ገፋ አደረገኝ። "ምን ትቆሚያለሽ? ሩጪ!"

ደረጃውን እየወረድኩ ደወልኩ። ስልኳ ዝግ ነው። እንደገና ደወልኩ፤ ዝግ ነው። ሚኒባስ ውስጥ ሆኜ ለጋሼ ልብስ ሰፊው ደወልኩ፤ እሳቸውም ዝግ። የአንድ ሰው ስልክ ዝግ ቢሆን ባትሪ ነው ይባላል። የሁሉም ሲዘጋ ተመካክረው ነው። መብራት ላይ ቆምን፣ ተነሳን፣ ደግሞ ቆምን። ወርጄ ሮጥኩ። አንድ ጫማዬ ሲወልቅ ሌላውንም ጣልኩት።

መንገዱ አፍ ላይ ኤክስካቫተር ቆሟል። ሹፌሩ ወንበሩን ወደኋላ አዘንብሎ፣ ኮፍያውን ፊቱ ላይ ደፍቶ ተኝቷል። ሰው የሚበላ አይመስልም፤ ምሳ የበላ ሰው ነው የሚመስለው። ሰዓቱን ጠየቅኩት። ኮፍያውን ሳያነሳ "ስድስት ከሩብ" አለኝ።

መንገዱ ያን ማክሰኞ እንዳየሁት ነው፤ ጥርት ያለ፣ ዝም ያለ፣ ወንበር የሌለበት። አንድ የተጨመረ ነገር አለ። አሥራ አራቱም በር ላይ፣ ልክ በእጀታው ከፍታ፣ ግራጫ ክብ ተቀብቷል። ቀለሙ ገና አልደረቀም፤ ከጋሼ ልብስ ሰፊው በር ላይ ወደ ታች ወርዶ የወለወሉት እንጨት ላይ ተንጠባጥቧል። ከእያንዳንዱ ክብ ሥር በጠመኔ ተጽፏል፦ "ሦስት ጊዜ። የለም።"

የእናቴን በር በሁለት እጄ ደበደብኩ። ዝም። እንደገና ደበደብኩ። ከውስጥ የነጠላ ጫማ ድምፅ ተሰማና ወዲያው ቆመ፤ ሰው ትንፋሹን ሲይዝ ያለው ዓይነት ዝምታ ሆነ።

"እማዬ! እኔ ነኝ!"

"ብቻሽን ነሽ?" አለች በሹክሹክታ። "ሄዱ?"

"ሄዱ እማዬ። ክፈቺ።"

መቀርቀሪያው ተነሳ። እናቴ በሩን በእጅ ስፋት ከፍታ ግራና ቀኝ አየች፣ ከዚያ ወለል አደረገችው። ፊቷ በርቶ ነበር። ከሦስት ሳምንት ወዲህ እንደዚያ ደስ ብሏት አላየኋትም።

"ሦስት ጊዜ አንኳኩ" አለችኝ እጄን ይዛ። "ቢጫ ለብሰዋል፣ ልክ እንዳልሽው። አንዱማ 'እማማ፣ ሰው አለ?' ብሎ ተጣራ፤ ድምፁ የደግ ሰው ልጅ ይመስላል። ውሃ ፈልጎ ይሆናል ብዬ አንጀቴ ተንሰፈሰፈ። አፌን በነጠላዬ ይዤ ዝም አልኩ። ስልኩን እንኳ ሳይቀር አጠፋን፣ እንዳይጮህ ብለን።"

ከማዶ የጋሼ ልብስ ሰፊው መስኮት ገርበብ አለ። "አንድም ሰው አልከፈተም!" አሉ ከጨለማው ውስጥ። "አሥራ አራታችንም! ለዚያ ለማሽን ልጅሽ ንገሪው፣ በጎበዝ መንደር ነው የተወለደው በይው!"

በሩ ላይ ያለውን ክብ በጣቴ ነካሁት፤ እርጥብ ነው። እናቴ ክቡን አላየችውም። ወደ ውስጥ ገባች። ወንበሩ አልጋዋ ላይ እግሩን ወደ ላይ አድርጎ ተገልብጧል። አነሳችው፣ መቀመጫውን በእጇ ጠረግ ጠረግ አደረገችና ደጃፉ ላይ ይዛው ቆመች።

"አሁንስ ላውጣው?" አለችኝ።